የፍሌቨር ሲሜትሪና የሲፒ መጣስ በሱፐርሲሜትሪ፦ በሀዋሳ የፊዚክስ ተማሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በሀዋሳ የፊዚክስ ተማሪዎች ከክፍል በኋላ ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ የኳንተም ሜካኒክስን የመጀመሪያ ኮርስ ለወሰደ አንባቢ የተጻፉ ሲሆን ቀመር የተተወው ሆን ተብሎ ነው። በመልሶቹ ሁሉ ውስጥ አንድ አቋም ይገኛል፤ ይኸውም በሱፐርሲሜትሪ (ለእያንዳንዱ ቅንጣት አቻ ቅንጣት አለ በሚለው ሐሳብ) ውስጥ የፍሌቨር (የቅንጣት ዓይነት) ችግርና የሲፒ (የቅንጣትና የፀረ ቅንጣት ሲሜትሪ) ችግር ተነጣጥለው ሊፈቱ የሚገባቸው ሁለት ችግሮች ሳይሆኑ የአንድ ችግር ሁለት ገጽታዎች ናቸው የሚል ነው።

ፍሌቨር ሲባል ምን ማለት ነው?

ኳርኮች ስድስት ዓይነት ናቸው፤ አፕ፣ ዳውን፣ ቻርም፣ ስትሬንጅ፣ ቶፕ እና ቦተም ይባላሉ። ሌፕቶኖችም እንዲሁ ስድስት ናቸው፤ ኤሌክትሮን፣ ሙዮን፣ ታው እና ሦስቱ ኒውትሪኖዎች። ፍሌቨር የሚባለው ይህ የዓይነት መለያ ነው። ዓይነቶቹ በሦስት ትውልድ ይመደባሉ፤ የአንዱ ትውልድ አባል ከሌላው ትውልድ አቻው ጋር አንድ ዓይነት ቻርጅና አንድ ዓይነት የጌጅ መስተጋብር (ለኃይሎች ያለው ምላሽ) ስላለው የሚለየው በመጠነ ቁሱ ነው። ልዩነቱ ግን እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። ቶፕ ኳርክ ወደ 173 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት ሲሆን አፕ ኳርክ ከእርሱ ከ70000 ጊዜ በላይ ይቀላል።

ሲፒ ምንድን ነው? ተጣሰ የሚባለውስ እንዴት ታወቀ?

ሲ ማለት ቅንጣትን በፀረ ቅንጣቱ መተካት ነው፤ ፒ ማለት ደግሞ ቦታን በመስታወት እንደሚታየው መገልበጥ ነው። ሊ እና ያንግ በ1956 ደካማው መስተጋብር ፒን ላያከብር እንደሚችል ጠቆሙ፤ ወይዘሮ ዉ በ1957 በኮባልት 60 ባካሄዱት ሙከራ ጥርጣሬው ልክ መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ለውጦች አንድ ላይ ሲወሰዱ፣ ማለትም ሲፒ፣ ሳይጣስ ይኖራል ተብሎ ታምኖ ነበር። እምነቱ የቆየው ግን ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። በ1964 በብሩክሄቨን ላቦራቶሪ ክሮኒን፣ ፊች እና ባልደረቦቻቸው ረጅም ዕድሜ ያለው ገለልተኛ ካኦን (ስትሬንጅ ኳርክ ያለበት ቅንጣት) ከ1000 መፍረሶች ወደ 2 ያህሉን ሲፒ ቢከበር ኖሮ ፈጽሞ ወደማይፈቀድለት የሁለት ፓዮን መንገድ እንደሚሄድ አገኙ። ለዚህ ሥራ ክሮኒንና ፊች በ1980 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ምክንያቱን በተመለከተ የቀረበው መልስ ለእኔ በዘርፉ ካሉት ሁሉ ደፋሩ ነው። በ1973 የሚታወቁት ኳርኮች ሦስት ብቻ ነበሩ። ኮባያሺና ማስካዋ ግን ኳርኮች በሁለት ትውልድ ብቻ ከተወሰኑ የትውልዶቹን መቀላቀል በሚገልጸው ማትሪክስ ውስጥ ያሉት ፌዞች (የኮምፕሌክስ ቁጥር ማዕዘኖች) ሁሉ በቅንጣቶቹ አገላለጽ ለውጥ ተውጠው እንደሚጠፉ፣ ትውልዶቹ ሦስት ሲሆኑ ግን አንድ ፌዝ ሊወገድ በማይችል መልኩ እንደሚቀርና ያ ፌዝ ሲፒን እንደሚጥስ አሳዩ። በሌላ አነጋገር አንድ ትንሽ የካኦን ጉድለትን ለማስረዳት ሲሉ ማንም ያላያቸውን ሦስት ኳርኮች ጠየቁ። ቻርም በ1974፣ ቦተም በ1977፣ ቶፕ በ1995 ተገኙ። በ2001 ባባር እና ቤል የተባሉት ሙከራዎች በቢ ሜሶን (ቦተም ኳርክ ባለበት ቅንጣት) መፍረስ ላይ ሲፒ መጣሱን ሲያዩ የተለካው መጠን ከዚሁ አንድ ፌዝ ጋር ተስማማ፤ የኖቤል ሽልማቱም በ2008 መጣ። በሰርን የሚገኘው የኤልኤችሲቢ ሙከራ ደግሞ በ2019 በቻርም ኳርክ፣ በ2025 በባሪዮኖች (እንደ ፕሮቶን ከሦስት ኳርክ የተሠሩ ቅንጣቶች) መፍረስ ላይ ተመሳሳይ መጣስ መኖሩን አስታውቋል።

ስታንዳርድ ሞዴል ይህን ሁሉ ካብራራ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ስታንዳርድ ሞዴል፣ ማለትም የታወቁትን ቅንጣቶችና መስተጋብሮቻቸውን የሚገልጸው ቴዎሪ፣ ቁጥሮቹን ይቀበላል እንጂ አይሰጥም። የስድስቱ ኳርኮች መጠነ ቁስ፣ ሦስቱ የመቀላቀያ ማዕዘኖችና አንዱ ፌዝ ከሙከራ ተለክተው በእጅ የሚገቡ ናቸው። ቁጥሮቹን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ላያቸው ሰው ግን በዘፈቀደ የተበተኑ አይመስሉም፤ የአንደኛውና የሁለተኛው ትውልድ መቀላቀል ወደ 0.22፣ የሁለተኛውና የሦስተኛው ወደ 0.04፣ የአንደኛውና የሦስተኛው ወደ 0.004 ነው። እንዲህ ያለ ደረጃ በደረጃ መውረድ ከኋላው አንድ ሥርዓት እንዳለ ያስጠረጥራል።

ሁለተኛው ምክንያት የቁስ መትረፍ ነው። ሳካሮቭ በ1967 እንዳስቀመጠው፣ ዓለም ቁስን ከፀረ ቁስ አስበልጦ እንዲያስቀር የባሪዮን ቁጥር መጣስ፣ የሲና የሲፒ መጣስ፣ እንዲሁም ከሙቀት ሚዛን መውጣት ያስፈልጋሉ። የተረፈው ቁስ ለእያንዳንዱ ፎቶን ወደ 6 × 10⁻¹⁰ ባሪዮን ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የኮባያሺና የማስካዋ ፌዝ ብቻውን ሊያስገኝ የሚችለው ከዚህም እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሌላ የሲፒ መጣስ ምንጭ የሆነ ቦታ መኖር አለበት።

ሱፐርሲሜትሪ ችግሩን ይፈታል ወይስ ያባብሳል?

በመጀመሪያ ያባብሳል። ይህን በግልጽ መናገር ይገባል፤ ምክንያቱም በብዙ የመግቢያ ትምህርቶች ሱፐርሲሜትሪ የሚቀርበው የሂግስን መጠነ ቁስ በማረጋጋቱና የኃይሎቹን ጥንካሬ በከፍተኛ ኢነርጂ ላይ በማገናኘቱ ብቻ ተመስግኖ ነው።

ሱፐርሲሜትሪ ለእያንዳንዱ ቅንጣት ስፒኑ በግማሽ የሚለይ አቻ አለው ይላል፤ ለኳርክ ስኳርክ፣ ለሌፕቶን ስሌፕቶን፣ ለግሉዎን ግሉዊኖ። ሲሜትሪው ፍጹም ቢሆን ኖሮ አቻዎቹ እኩል መጠነ ቁስ ስለሚኖራቸው የኤሌክትሮን አቻ ከብዙ ዓመታት በፊት በተገኘ ነበር። ስላልተገኘ ሲሜትሪው ተሰብሯል ማለት ነው። አሰባበሩን ባለማወቃችን ደግሞ ሊኖሩ የሚችሉትን የመሰበር ቃሎች ሁሉ መጻፍ ግድ ይላል። በትንሹ የሱፐርሲሜትሪ ሞዴል ውስጥ ይህ 105 አዳዲስ ቁጥሮችን ያመጣል፤ ከእነዚህም 43ቱ ሲፒን የሚጥሱ ፌዞች ናቸው። በስታንዳርድ ሞዴል አንድ ብቻ የነበረው ፌዝ አርባ ሦስት ጓደኞች አገኘ ማለት ነው።

እነዚህ ቁጥሮች እንደልባቸው ቢተው ምን ይሆናል? የስኳርኮች መጠነ ቁስ ማትሪክስ ከኳርኮች ጋር በአንድ አቅጣጫ እንዲደረደር የሚያስገድደው ነገር ስለሌለ፣ የዳውንና የስትሬንጅ አቻዎች ይቀላቀላሉ፤ በግሉዊኖ በኩልም ካኦን ወደ ፀረ ካኦን እንዲለወጥ ያደርጋሉ። የሁለቱ የካኦን ሁኔታዎች የመጠነ ቁስ ልዩነት ወደ 3.5 × 10⁻¹² ሚሊዮን ኤሌክትሮንቮልት ብቻ መሆኑ በጥንቃቄ ተለክቷል። ስኳርኮቹ በ1 ቴራ ኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ሆነው መቀላቀሉም ፌዙም ልቅ ቢሆኑ ውጤቱ ከዚህ ልኬት እጅግ አልፎ ይሄዳል፤ በካኦን ከታየው የሲፒ መጣስ ጋር ለማስማማት ስኳርኮቹ ከሺህ ቴራ ኤሌክትሮንቮልት በላይ መክበድ ይኖርባቸዋል። ይህ የሱፐርሲሜትሪ የፍሌቨር ችግር ይባላል።

ፍሌቨርን የማይለውጡ ፌዞችም አሉ። እነርሱ ለኤሌክትሮንና ለኒውትሮን የኤሌክትሪክ ዳይፖል ሞመንት (በቅንጣቱ ውስጥ ያለ የአዎንታዊና የአሉታዊ ቻርጅ መነጣጠል) ይሰጣሉ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ እንደሚታወቀው የአቻ ቅንጣቶቹ መጠነ ቁስ በመቶዎች ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት ቢሆን እነዚህ ፌዞች ከመቶ አንድ ያነሱ መሆን አለባቸው። የሲፒ ችግር የሚባለው ይህ ነው። በአንድ በኩል ዓለም ተጨማሪ የሲፒ መጣስ ትፈልጋለች፤ በሌላ በኩል ሱፐርሲሜትሪ ከሚገባው በላይ ያቀርባል፤ ልኬቶቹም አይቀበሉትም።

የፍሌቨር ሲሜትሪ በዚህ ውስጥ ምን ይሠራል?

ሐሳቡ ሦስቱን ትውልዶች የሚያዛምድ ወይም የሚለይ አንድ ተጨማሪ ሲሜትሪ በከፍተኛ ኢነርጂ ላይ አለ፣ በኋላም ይሰበራል የሚል ነው። ቀላሉን ቅርጽ ፍሮጋትና ኒልሰን በ1979 አቀረቡት። እያንዳንዱ ትውልድ የተለየ የፍሌቨር ቻርጅ ይሰጠዋል፤ ቻርጁ ያልተመጣጠነ መስተጋብር ለመፈጸም ፍሌቨን የሚባለውን መስክ የሚፈለገውን ያህል ጊዜ መጥራት አለበት፤ በተጠራ ቁጥርም በ0.22 አካባቢ ይባዛል። በቀበሌ አንድ ፊርማ ብቻ የሚጠይቅ ጉዳይ በጠዋቱ ሲያልቅ ሰባት ፊርማ የሚጠይቀው ለወራት እንደሚጓተት ሁሉ፣ ቶፕ ኳርክ ምንም ፊርማ ሳያስፈልገው ሙሉ መጠነ ቁሱን ሲያገኝ አፕ ኳርክ ሰባት ወይም ስምንት ጊዜ ይቀነስበታል። 0.22 ሰባት ጊዜ በራሱ ቢባዛ ወደ 0.000025 ይደርሳል፤ ከሚፈለገውም ብዙ አይርቅም።

ይህ አካሄድ ለኳርኮች ጥሩ ቢሠራም ለስኳርኮች በቂ አይደለም። የተለያየ ቻርጅ ያላቸው ስኳርኮች እኩል መጠነ ቁስ እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ምንም ነገር የለም። ኒርና ሳይበርግ በ1993 ቻርጆቹን በብልሃት በመምረጥ የዳውን ኳርክና የዳውን ስኳርክ ማትሪክሶች በአንድ አቅጣጫ እንዲደረደሩ አደረጉ፤ ካኦንም ዳነ። ያ ሲሆን ግን የ0.22ቱ መቀላቀል ከአፕ ወገን መምጣት ስላለበት የገለልተኛው ዲ ሜሶን (ቻርም ኳርክ ያለበት ቅንጣት) ከፀረ ቅንጣቱ ጋር መለዋወጥ ከፍ ማለት ነበረበት። መለዋወጡ በ2007 በባባርና በቤል ታየ፤ መጠኑ ግን ይህን ሞዴል ለማጥበብ የሚበቃ ትንሽ ነበር። በእኔ ዕይታ ይህ ታሪክ ለተማሪ ብዙ ያስተምራል፤ አንድ ሞዴል ከአንድ ልኬት ሲያመልጥ የት እንደሚያዝ አስቀድሞ ተናግሯል፤ በተናገረበትም ቦታ ሊፈተን ቻለ።

ሁለተኛው መንገድ አቤልያዊ ያልሆነ ሲሜትሪ፣ ማለትም የለውጦቹ ቅደም ተከተል ውጤቱን የሚቀይርበት፣ ነው። ሦስቱ ትውልዶች እንደ አንድ ባለ ሦስት አባል ቤተሰብ በኤስዩ(3) ወይም በውስጡ ባለ የተወሰነ (ውሱን የአባላት ብዛት ያለው) ግሩፕ ሥር ሲመደቡ፣ ሲሜትሪው ሳይሰበር ስኳርኮቹ ሁሉ እኩል ይሆናሉ። መሰበሩ የሚጀምረው ከሦስተኛው ትውልድ ስለሆነ የአንደኛውና የሁለተኛው አቻዎች እኩል ለመሆን የቀረቡ ሆነው ይቆያሉ። ካኦን ብዙ የሚያስጨንቀው የእነዚህ የሁለቱ ልዩነት በመሆኑ ጭንቀቱ በእጅጉ ይቀላል።

ሲፒስ? ለእርሱ የተለየ መፍትሔ አያስፈልግም?

የዚህ ጽሑፍ ማዕከል እዚህ ላይ ነው። ቲ. ዲ. ሊ በ1973 ሲፒ በመሠረቱ የተጠበቀ ሲሜትሪ ሆኖ ባዶው ቦታ ራሱ ሊሰብረው እንደሚችል አሳዩ። ይህን ከፍሌቨር ሲሜትሪ ጋር ብናጋባው፣ ሲፒን የሚሰብሩት መስኮችና ፍሌቨርን የሚሰብሩት ፍሌቨኖች አንድ ይሆናሉ። በመነሻው ቁጥሮቹ ሁሉ እውን (ፌዝ የሌላቸው) ናቸው፤ ፌዝ የሚገባው በፍሌቨኖቹ ዋጋ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ፌዝ ባለበት ሁሉ ፍሌቨን አለ፤ ፍሌቨን ባለበት ሁሉ የ0.22 ቅናሽ አለ።

የዚህ ውጤት ቀጥተኛ ነው። የግሉዊኖ መጠነ ቁስና የሂግሲኖ (የሂግስ አቻ) ቃል ፍሌቨርን ስለማያውቁ በመጀመሪያው ደረጃ እውን ሆነው ይቀራሉ፤ የኤሌክትሪክ ዳይፖል ሞመንትም ዋና ምንጩን ያጣል። በኳርኮች መቀላቀል ውስጥ ግን ፌዙ ሙሉ መጠኑን እንደያዘ ይቆያል፤ ያለዚያ የቢ ሜሶን ልኬቶች አይገለጹም ነበር። በካኦን ብዙ የማይታይ፣ በቢ በስፋት የሚታይ፣ በኤሌክትሮን ላይ ደግሞ ፈጽሞ ያልተገኘ መጣስ ከአንድ ምንጭ ሊመነጭ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

አንዳንድ ግሩፖች ከዚህም አልፈው የፌዙን መጠን ራሳቸው ይወስናሉ። ብራንኮ፣ ዠራርና ግሪሙስ በ1984 ዴልታ(27) በሚባለው ግሩፕ ፌዙ በሞዴሉ ቁጥሮች ላይ ሳይንጠለጠል ከግሩፑ ቅርጽ ብቻ እንደሚወጣ አሳይተዋል። ማስጠንቀቂያም አለ፤ በተወሰኑ ግሩፖች ሥር የተለመደው የሲፒ ትርጉም ከግሩፑ ጋር ላይጣጣም ስለሚችል፣ ሞዴል የሚሠራ ሰው ሲፒ ከግሩፑ ሕግ ጋር መስማማቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። ይህን ደረጃ ዘሎ የሚደረግ ስሌት ቁጥር ቢሰጥም ትርጉም አይኖረውም።

በኒውትሪኖዎች ላይም ይሠራል?

በከፊል። የኒውትሪኖ መቀላቀል ከኳርኮች በተቃራኒ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ኤ4 የተባለው የቴትራሄድሮን ግሩፕ፣ አሥራ ሁለት አባላትና አንድ ባለ ሦስት ረድፍ ውክልና ያለው፣ ከ2001 ጀምሮ ተወዳጅ ሆነ። ብዙዎቹ የኤ4 ሞዴሎች ሦስተኛው ማዕዘን ዜሮ ነው ይሉ ነበር። በ2012 በቻይና የዳያ ቤይ ሙከራ ማዕዘኑ ዜሮ ሳይሆን ወደ 8.5 ዲግሪ መሆኑን ለካ፤ ሞዴሎቹም ወይ ተጣሉ ወይ ተጠገኑ። ከጥገናዎቹ አንዳንዶቹ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሞዴሉ ይልቅ የሠሪውን ትዕግሥት ያሳያሉ። በኒውትሪኖዎች ሲፒ መጣሱ ገና አልተረጋገጠም፤ በአሜሪካ የሚሠራው ዱን እና በጃፓን የሚሠራው ሃይፐር ካሚዮካንዴ ይህንን ለመለካት ታቅደዋል።

በሙከራ የሚረጋገጥ ነገር አለ ወይስ ሁሉም ወረቀት ላይ ነው?

አለ፤ ዋነኛዎቹም ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የኤሌክትሮን ዳይፖል ሞመንት ነው። በ2018 ኤሲኤምኢ የተባለው ቡድን በቶሪየም ኦክሳይድ ሞለኪውል ለካው፤ በ2023 ደግሞ በኮሎራዶ የሚገኘው የጂላ ቡድን በሃፍኒየም ፍሎራይድ አዮን ለክቶ፣ መጠኑ ከ4.1 × 10⁻³⁰ የኤሌክትሮን ቻርጅ ሲባዛ በሴንቲሜትር እንደማይበልጥ ደረሰበት። የስታንዳርድ ሞዴል ግምት ከዚህ ከሺህ ጊዜ በላይ ያነሰ በመሆኑ፣ በመካከሉ አንዳች ነገር ቢታይ የአዲስ ፊዚክስ ምልክት ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍ ሙከራ ታላቁ ኮላይደር በቀጥታ ሊፈጥራቸው የማይችላቸውን ከባድ ቅንጣቶች ሊነካ መቻሉ ለብዙ ተማሪዎች አስገራሚ ይሆናል።

ሁለተኛው ሙዮን ወደ ኤሌክትሮንና ፎቶን መፍረሱ ነው። ሙዮን ሩቅ ነገር አይደለም፤ በባሕር ጠለል ላይ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር በደቂቃ ወደ አንድ ሙዮን ከኮስሚክ ጨረር ይወርዳል፤ ከባሕር ጠለል ወደ 1700 ሜትር ከፍ ብላ በምትገኘው ሀዋሳ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። በሐይቁ ዳር የተዘረጋ መዳፍ በየሰከንዱ ከአንድ በላይ ሙዮን ያሳልፋል ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ የሚፈርሱት ፍሌቨርን በሚያከብር መንገድ ነው። በስዊዘርላንድ የሚካሄደው የኤምኢጂ ሙከራ በ2016 የተከለከለው መፍረስ ከሙዮን መፍረሶች ሁሉ ከ4.2 × 10⁻¹³ እጅ እንደማይበልጥ አስታውቆ፣ ከዚያም በኋላ ጣሪያውን ዝቅ እያደረገው ነው። በፍሌቨር ሲሜትሪ ላይ የተመሠረቱ ብዙ የሱፐርሲሜትሪ ሞዴሎች ይህ መፍረስ ከዚሁ ጣሪያ በታች ብዙም ሳይርቅ እንዲኖር ይጠብቃሉ። ምክንያቱም ፍሌቨኖቹ ራሳቸው በሱፐርሲሜትሪ መሰበር ውስጥ ስለሚሳተፉ የስሌፕቶን ማትሪክሶች ከሌፕቶኖቹ ጋር ፍጹም ሊደረደሩ አይችሉም፤ ጥቂት ሽርፍራፊ ይቀራል።

ታላቁ ሀድሮን ኮላይደር ሱፐርሲሜትሪን አላገኘም። ታዲያ ለምን እንማረዋለን?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ማለሳለስም አያስፈልግም። ሂግስ በ2012 በ125 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት ተገኘ፤ የአቻ ቅንጣቶች ግን አልታዩም፤ በተለመዱት የፍለጋ መንገዶች ግሉዊኖ ከ2 ቴራ ኤሌክትሮንቮልት በታች ሊሆን እንደማይችል ተደምድሟል። በቢ ሜሶን መፍረስ ታይቶ የነበረው የኤሌክትሮንና የሙዮን ልዩነትም በታኅሣሥ 2022 የኤልኤችሲቢ ዳግም ልኬት ከስታንዳርድ ሞዴል ጋር ተስማምቶ ተዘግቷል።

አቻዎቹ እየከበዱ በሄዱ ቁጥር የፍሌቨር ችግር በራሱ ይቀላል፤ ስለዚህ የኮላይደሩ ዝምታ ለዚህ ርዕስ በከፊል መልካም ዜና ነው ማለት ይቻላል። ይሁንና መክበድ ብቻውን ችግሩን ለመፍታት ሺህ ቴራ ኤሌክትሮንቮልት ያስፈልጋል፤ በዚያ ደረጃ ደግሞ ሱፐርሲሜትሪ የሂግስን መጠነ ቁስ የማረጋጋት ዋና ጥቅሙን ያጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ክልል ያለ ፍሌቨር ሲሜትሪ ወይም ያለ ፍሌቨር ዕውር (ትውልዶችን ሳይለይ ሁሉንም እኩል የሚይዝ) አሰባበር አይቆምም። ሱፐርሲሜትሪ ባይኖር እንኳ የኳርኮቹ መጠነ ቁስ ተዋረድ መልስ ይፈልጋል፤ ለዚህ የተማሩት የግሩፕ ቴዎሪና የፌዝ አቆጣጠር ባክኖ አይቀርም።

ጠንካራው የሲፒ ችግር ከዚህ ጋር አንድ ነው?

አይደለም፤ ግን ይነካካሉ። ጠንካራው መስተጋብር ቴታ የሚባል የራሱ የሲፒ መጣስ ቁጥር ሊኖረው ሲችል፣ የኒውትሮን ልኬት ይህ ቁጥር ከ10⁻¹⁰ እንዲያንስ ያስገድዳል። ሲፒ በራሱ ከተሰበረ ቴታ በመነሻው ዜሮ ስለሚሆን ኔልሰንና ባር በ1984 በዚህ መንገድ መፍትሔ አቅርበዋል። በሱፐርሲሜትሪ ውስጥ ግን የሉፕ እርማቶች (ተጨማሪ የኳንተም ማስተካከያዎች) ዜሮውን እንዳያበላሹ መጠበቅ ከባድ ሥራ ነው።

በሀዋሳ ሆኖ በዚህ ርዕስ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ እንዲያውም ከሙከራ ዘርፎች ይልቅ ይቀላል። አርካይቭ ከ1991 ጀምሮ የዘርፉን ጽሑፎች በነጻ ያቀርባል፤ የፓርቲክል ዳታ ግሩፕ ሠንጠረዦችም ሆነ የሰርን ክፍት መረጃ ክፍያ አይጠይቁም። የአቻ ቅንጣቶችን መጠነ ቁስ የሚያሰሉት ፕሮግራሞች በተራ ላፕቶፕ ላይ በሰከንዶች ስለሚያልቁ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ይበቃል። ለተጨማሪ ትምህርት አብዱስ ሳላም በ1964 በትሪየስቴ የመሠረቱት ዓለም አቀፍ የቴዎሪ ፊዚክስ ማዕከል፣ በኪጋሊ ያለው የምሥራቅ አፍሪካ ቅርንጫፉ፣ እንዲሁም ከ2010 ጀምሮ በተለያዩ አገሮች የሚካሄደው የአፍሪካ የፊዚክስ ትምህርት ቤት አሉ።

ለመመረቂያ ጽሑፍ የምመክረው የሚከተለውን ነው። የፍሮጋትና ኒልሰንን ቻርጆች ለሦስቱ ትውልዶች ይምረጡ፤ እያንዳንዱን የማትሪክስ ክፍል በ0.22 ኃይል ካባዙ በኋላ ከ0.3 እስከ 3 ባለው ክልል በዘፈቀደ በተወሰደ ቁጥርና ፌዝ ያባዙት፤ ይህንን ብዙ ሺህ ጊዜ ደግመው ከሚወጡት መጠነ ቁሶችና ማዕዘኖች ስንቶቹ ከልኬቱ ጋር እንደሚቀራረቡ ይቁጠሩ። ከዚያ ስኳርኮችን በዚያው ቻርጅ ጨምረው ስንቶቹ የካኦንን ፈተና እንደሚያልፉ ይዩ። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ምን ያህል እንደሚያንስ በገዛ ስሌቱ ያየ ተማሪ ወደ አቤልያዊ ያልሆኑት ግሩፖች ለመሄድ ሌላ ማሳመኛ አይፈልግም።